ስለ ጐጀብ አገር ጥቁር ድንጋይና ስለ ጥንት ሐይቆች ዋቅላሚ

የከፋ አገር በቡናው፥ በማሩና በጫካው የታወቀ ነው። በዚህ አገር ሹመት የተቀበለ ሰው ሁሉ ከመሬት በላይ ያለውን ሀብት እንዲጠብቅ ምክርና ትእዛዝ ዘወትር ይደርሰዋል፤ ከመሬት በታች ስላለው ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ከቦንጋ ወደ ምሥራቅ የጐጀብን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ጭዳና ወደ ኮንታ በሚወርደው አገር፥ ውሃ በሸረሸረው ገደል ላይ፥ በላይኛውና በታችኛው የባዛልት ድንጋይ መካከል የገባ ጥቁር ወይም ቡናማ፥ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የሚገለጥ ድንጋይ በየስፍራው ይገኛል። ሊቃውንት ኦይል ሼል ይሉታል፤ በአማርኛ ዘይት አዘል ድንጋይ ቢባል ይስማማዋል። ብዙ ጊዜም የድንጋይ ከሰል አብሮት ይገኛል።

ይህን ድንጋይ ያየ ሰው በሦስት መንገድ ሊሳሳት ይችላል። አንዱ የደረቀ ጭቃ ነው ብሎ ይንቀዋል። ሁለተኛው ሁሉም ከሰል ነው ብሎ ከከሰሉ ጋር አደባልቆ ይቈጥረዋል። ሦስተኛው ዘይት ይሸታልና ከበታቹ የነዳጅ ጕድጓድ አለ ብሎ ይመኛል። ሦስቱም ስሕተት ገንዘብና መሬት ያስጠፋል፤ የመሬቱም ጕዳይ በመጨረሻው የሚመጣው ወደ ወረዳው ሹም ፊት ነው። ስለዚህ ድንጋዩ ከምን እንደ ተሠራ አስቀድሞ ማወቅ ለሹሙ የሚጠቅም ትምህርት ነው።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ በአብዛኛው የተሠራው ከምድር ሆድ ቀልጦ ከፈሰሰ ድንጋይ ነው። ነገር ግን ይህ ቅልጥ ድንጋይ ሁሉ በአንድ ቀን አልፈሰሰም። አንዱ ፈስሶ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ድረስ እጅግ ረዥም ዘመን ያልፍ ነበር። በዚያ የዕረፍት ዘመን ዝናም ይዘንማል፥ ወንዝ ይወርዳል፥ ደን ይበቅላል፤ ቅልጡ ድንጋይ የወንዙን መንገድ በዘጋበት ወይም መሬቱ በሰመጠበት ቦታ ደግሞ ውሃ ተከማችቶ ሐይቅና ረግረግ ይሆናል። ኋላ ሌላ ቅልጥ ድንጋይ በላዩ ፈስሶ ሐይቁን ከነጭቃው ይደፍነዋል። የጐጀቡ ጥቁር ድንጋይ እንዲህ ተደፍኖ የቀረ የሐይቅ ወለል ነው። በውስጡ የተገኘውን የዕፅዋት ጽጌ ብናኝ መርምረው ዕድሜውን የወሰኑት ሰዎች፥ በደቡብ ምዕራብ ያለው የዚህ ዓይነት ድንጋይ ሁሉ ከኤኦሲን እስከ ሚዮሲን ባለው ዘመን የተሠራ መሆኑን ገልጠዋል። ኤኦሲን ከ56 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ከ34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያለቀ ዘመን ነው፤ ሚዮሲን ደግሞ ከ23 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ከ5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያለቀ ነው። በዚያ ጊዜ የሰው ዘር ገና አልተፈጠረም ነበር።

እንዲህ ያለው የተደፈነ ሐይቅ በጐጀብ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ከጐጀብና ከጭዳ ሌላ፥ በጅማ አገር በደልቢና በሞዬ፥ በኢሉባቦር በያዩ፥ እንዲሁም ላሎ ሳፖና ሶላ በተባሉት ቦታዎች ተገኝቷል። በሰሜንም በጐንደር አገር በጭልጋ፥ በሸዋም በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በሙሽ ሸለቆ፥ የጥንት ቅጠልና እንስሳ ታትሞ የቀረበት የሐይቅና የረግረግ ድንጋይ አለ።

አሁን ዘይቱ ከወዴት እንደ መጣ መናገር ይገባል። በቆመ ውሃ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚንሳፈፈውን ነገር ባላገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ከብት የሚጠጣበትን ኩሬ ይሸፍናል፥ በእጅ ሲይዙትም ያሙለጨልጫል። የትምህርት መጻሕፍት ዋቅላሚ ይሉታል፤ በፈረንጆች አጠራር አልጌ ነው። ሥር፥ ግንድና አበባ የለውም፤ ነገር ግን እንደ ሌላው ተክል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል። ከዓይነቱ ብዙዎቹ እጅግ ከማነሳቸው የተነሣ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። በኢትዮጵያ ዘይት አዘል ድንጋይ ውስጥ የተገኙት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ ስማቸውም ቦትሪዮኮከስና ፔዲያስትረም ይባላል። ሁለቱም በጨው አልባ ውሃ የሚኖሩ ናቸው፤ ዛሬም በብዙ አገር ሐይቅና ኩሬ በሕይወት ይገኛሉ።

ፔዲያስትረም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጠፍጣፋና ክብ ሆኖ፥ ዙሪያው እንደ ጥርስ የወጣ፥ የሰዓት መዘውር የመሰለ ነው። መልኩ ስለማይሳሳት በድንጋይ ውስጥ ሲገኝ ያ ድንጋይ የባሕር ሳይሆን የጣፋጭ ውሃ ሥራ እንደ ሆነ ይመሰክራል። ቦትሪዮኮከስ ግን እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስቦ የሚኖር ነው፤ ስሙም በግሪክ ቋንቋ ይህንኑ ያመለክታል። የአንዱ ዘለላ ስፋት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ እጅ አይበልጥም። የሚያስደንቀው፥ ይህ ፍጥረት በሕይወቱ ሳለ ዘይት የሚያመርት መሆኑ ነው፤ ከወገኖቹ አንዳንዱ ከደረቀ ክብደቱ ሲሶው ወይም ከዚያ የሚበልጠው ዘይት ነው። ዘይቱም ውሃው ላይ እንዲንሳፈፍ ይረዳዋል። ሲሞት ወደ ሐይቁ ወለል ይወርዳል፤ የሴሎቹ መኖሪያ የሆነው ግድግዳ ከሌላው ተክል ገላ ይልቅ ለመበስበስ እንቢተኛ ስለ ሆነ፥ በተለይም አየር በማይገባበት ጥልቅ ውሃ፥ ከጭቃው ጋር ተደራርቦ ይቀራል። በዓመት የሚጨመረው እጅግ ስስ ነው። አንድ ክንድ የሚሆን ድንጋይ ለመሥራት ብዙ ሺህ ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ከሰሉ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። በሐይቁ ዳር ባለው ረግረግ የወደቀው እንጨት፥ ቅጠልና ሥር ተከማችቶ ከሰል ይሆናል፤ በሐይቁ መካከል የሰፈረው ዋቅላሚ ደግሞ ዘይት አዘል ድንጋይ ይሆናል። የሐይቁ ውሃ ሲሰፋና ሲጠብብ ዳሩ መካከል፥ መካከሉም ዳር ስለሚሆን፥ ሁለቱ በአንድ ገደል ላይ እየተፈራረቁ ተደራርበው ይገኛሉ። ሰው የሚያደባልቃቸውም ስለዚህ ነው።

ይህ መደባለቅ ከፍ ያለ ሙግት እንዳስነሣ በስኮትላንድ የሆነው ይገልጣል። በዚያ አገር ቶርባንሂል በሚባል ርስት፥ ጊሌስፒ የተባለ ባለርስት ከሰሉንና ሌላውንም ማዕድን እንዲያወጡ ለራስልና ለባልንጀሮቹ በ1850 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) አከራየ። ተከራዮቹ ካወጡት መካከል አንዱ ድንጋይ በእሳት ሲጋገር ብዙ ዘይት የሚሰጥ ሆነ፤ ጄምስ ያንግ የተባለው የኬሚስትሪ ሰውም በዚያው ዘመን ከዚህ ድንጋይ የመብራት ዘይትና ፓራፊን እያወጣ መሸጥ ጀመረ፤ የድንጋዩም ዋጋ ወጣ። ባለርስቱ ይህን ሲያይ፥ ድንጋዩ ከሰል አይደለም፥ በውሉም አልተነሣም ብሎ ከሰሰ። በ1853 በኤዲንብራ በተደረገው ሸንጎ የምድር ሊቃውንት፥ የኬሚስትሪ ሊቃውንትና በማይክሮስኮፕ የሚመረምሩ ሰዎች ቀርበው መሰከሩ፤ ግማሾቹ ከሰል ነው፥ ግማሾቹም አይደለም አሉ። ሸንጎው ለተከራዮቹ ፈረደ። ይሁን እንጂ ኋላ ሌሎች ሊቃውንት በዝርዝር ሲመረምሩት፥ ያ ድንጋይ የቦትሪዮኮከስ ወገን የሆነ ዋቅላሚ ክምር ሆኖ ተገኘ። ባለርስቱ በፍርድ ቢረታም በነገሩ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ውሉ ሲጻፍ የድንጋዩን ዓይነት ለይቶ የሚያውቅ ሰው በመካከል ባለመኖሩ ግን ርስቱ ያፈራውን ዋና ጥቅም ሌላ ሰው ወሰደው።

ሁለተኛውም ምሳሌ ከአውስትራልያ ነው። በደቡብ አውስትራልያ ኩሮንግ በሚባለው የባሕር ዳር አገር፥ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፥ እንደ ጎማ የሚለጠጥና በእሳት የሚነድ ጥቁር ነገር በየሜዳው ተገኘ። ሰዎች ከምድር በታች የነዳጅ ዘይት ሞልቶ ወደ ላይ የፈለቀ መስሏቸው በ1860ዎቹ ጕድጓድ ቈፈሩ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ደጋግመው ቈፈሩ። ያገኙት ዘይት የለም። ያ ጎማ መሳይ ነገር በጐርፍ ዘመን በኩሬ ላይ የተንሳፈፈ፥ ውሃው ሲጐድል በዳር ላይ ደርቆ የቀረ ቦትሪዮኮከስ ነበር። ዘይቱ ከላይ እንጂ ከታች አልመጣም።

ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያን ድንጋይ ቍጥር መመልከት ይቻላል። በ2006 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) የታተመው የሥነ ምድር ጥናት፥ በአገሩ የተመዘገበውን ዘይት አዘል ድንጋይ 253 ሚሊዮን ቶን ያህል አድርጎታል፤ የድንጋይ ከሰሉም 297 ሚሊዮን ቶን ያህል ተቈጥሯል። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ልቡ ቢነሣሣ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን 253 ሚሊዮን ቶን ድንጋይ ማለት 253 ሚሊዮን ቶን ዘይት ማለት አይደለም። በዚሁ ጥናት ድንጋዩ ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ከቦታ ቦታ እጅግ የሚለያይ ሆኖ ተገኝቷል፤ ዝቅተኛው በአንድ ግራም 400 ካሎሪ ሲሆን ከፍተኛው 6165 ካሎሪ ነው። ይህም ከአሥራ አምስት እጅ የሚበልጥ ልዩነት ነው። የ400ው ድንጋይ ለማንደጃ የሚሆን ነገር አይደለም፤ የ6165ቱ ግን ከመልካም ከሰል ጋር ይወዳደራል። ስለዚህ አንድ ሰው ከገደሉ ሁሉ የተሻለውን አንድ ጕማጅ መርጦ በወረቀት ጠቅልሎ በሹሙ ጠረጴዛ ላይ ቢያኖር፥ ስለ ገደሉ ምንም አላስረዳም።

በዚህ ድንጋይ የሚመሰገን ነገር ድኝ ጥቂት መሆኑ ነው፤ ድኝ የበዛበት ድንጋይ ሲነድ ጢሱ ለሰውም ለአዝመራም ይጐዳልና። የሚጐድለው ደግሞ አልበሰለም። የነዳጅ ዘይት እንዲሆን ዋቅላሚው በምድር ውስጥ ብዙ ዘመን መጋገር ነበረበት፤ የጋገረው ልክ የሚታወቀው አብሮት ያለው ከሰል ብርሃንን በሚመልስበት መጠን ነው። በኢትዮጵያው ድንጋይ ይህ መጠን ከመቶ ከ0.3 እስከ 0.64 ብቻ ነው፤ ይህም መብሰል ከመጀመሩ በፊት ያለ ወይም ገና የጀመረ ማለት ነው። ስለዚህ ዘይቱ ከድንጋዩ ወጥቶ በሌላ ቦታ አልተጠራቀመም፤ እዚያው ዋቅላሚው በሰፈረበት ተጣብቆ ይኖራል። ይህን ለማውጣት ጕድጓድ መቈፈር ከንቱ ነው። ድንጋዩን ራሱን ፈልፍሎ አውጥቶ፥ አየር በማይገባበት ምድጃ እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማሞቅ ያስፈልጋል።

ይህ ሥራ በስኮትላንድ ከ1851 እስከ 1962 ድረስ ተሠርቶበታል። ብዙ ሕዝብም እንጀራውን አግኝቶበታል። ሥራው ከቆመ በኋላ የቀረው ግን ከኤዲንብራ በስተ ምዕራብ ዛሬም ድረስ እንደ ተራራ የቆመ የተቃጠለ ቀይ ድንጋይ ክምር ነው፤ ዘይቱ ከወጣለት በኋላ አብዛኛው ድንጋይ ተመልሶ መጣያ ይፈልጋልና። እንዲህ ያለ ክምር በጐጀብ ሸለቆ ቢነሣ የከፋ ዝናም ወደ ወንዙ እያጠበ እንደሚያወርደው ማሰብ አያስቸግርም። ከሰሉ በዚህ በኩል የተሻለ ነው፤ ከደቡብ ምዕራብ የሚወጣው ከሰል ለሲሚንቶ ፋብሪካ ማንደጃ ይውላል፥ ከውጭ የሚገዛውንም ይተካል። ነገር ግን ከሰልም ቢሆን ያለ ጕድጓድና ያለ አፈር ክምር አይወጣም፤ የያዩም ሆነ የከፋ ከሰልና ድንጋይ ያለው የዱር ቡና ጫካ ባለበት አገር ነው። የከፋና የያዩ ጫካ በ2010 (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር) በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዘንድ የተፈጥሮ ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል።

ዋቅላሚ የሚሠራው ድንጋይ ጥቁር ብቻ አይደለም። ዲያቶም የሚባለው ወገን ቅርፊቱን የሚሠራው ከመስተዋት ጋር በሚመሳሰል ነገር ስለ ሆነ፥ በሐይቅ ወለል ሲከማች ነጭና ቀላል፥ በምላስ ሲነካ የሚጣበቅ ድንጋይ ይሆናል። በስምጥ ሸለቆ በአዳሚ ቱሉ አቅራቢያ ይህ ድንጋይ በብዛት ይገኛል፤ ፈረንጆች ቢራና ሌላ ፈሳሽ ለማጥራት ይጠቀሙበታል። ይህ ነጭ ድንጋይ የቀድሞ ሐይቆችን ወሰን ያሳያል፤ ዝዋይ፥ ላንጋኖ፥ አብያታና ሻላ ከጥቂት ሺህ ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ስለ ጣናም የተደረገው ጥናት የባሰውን ይናገራል፤ ከሐይቁ ወለል ተሰርስሮ የወጣው ጭቃ ሲመረመር፥ ከ16,000 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ እንደ ነበረ ታውቋል። የዓባይ ምንጭ የሆነው ሐይቅ ደርቆ ከነበረ፥ የዝናም መጕደል ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይፈለግም። የእርሻ ሰዎች ስለ ጥንት ዋቅላሚ ቢማሩ የሚጠቀሙት አንዱ ይህ ነው፤ ሰው የጻፈው የዝናም መዝገብ ዕድሜው አጭር ነው፥ የሐይቅ ጭቃ መዝገብ ግን ብዙ ሺህ ዓመት ይቈጥራል።

በከፋም ይህን መዝገብ ዛሬ የሚጽፉ ቦታዎች አሉ። በጐጀብ ዳርቻ ያለው ረግረግና በቦንጋ አቅራቢያ ያለው አለምጎኖ ጥንት ከሰሉና ዘይት አዘሉ ድንጋይ የተሠሩበትን ሥራ በዓይን ያሳያሉ፤ ውሃው በቆመበት አየር አይገባም፥ አየር ባልገባበትም የሞተው ሣርና ዋቅላሚ ሳይበሰብስ ይደራረባል። ቦይ ተቈፍሮ ውሃው ሲፈስስ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየር ይገባል፥ ለሺህ ዓመታት የተጠራቀመው ጥቁር አፈር በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል፥ መሬቱም ይሰምጣል። በኢሉባቦር ለበቆሎ ተብሎ የተጠነፈፈ ጨፌ በመጀመሪያ መልካም ሰብል ሰጥቶ ኋላ የደከመበት አለ። ባላገሩ በችግር ጊዜ ጨፌውን ቢጠነፍፍ አይነቀፍም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዳይጠነፈፍ፥ የምንጩም ራስ እንዳይነካ ማድረግ ግን የሹሙ ፈንታ ነው።

ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ስንመለስ፥ ሕጉን ማስታወስ ያስፈልጋል። በቶርባንሂል ማዕድኑ የባለርስቱ ነበረ፤ በኢትዮጵያ ግን መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፥ የማዕድኑም ፈቃድ በ2002 ዓ/ም በወጣው በማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቍጥር 678 መሠረት የሚሰጥ ሆኖ ተደንግጓል። ስለዚህ ባለይዞታው ድንጋዩን ሊሸጥ፥ ሌላውም ከባለይዞታው ተዋውሎ ሊቈፍር አይገባውም። ነገር ግን ባለይዞታው ከእርሻው ሲነሣ በ2011 ዓ/ም በወጣው አዋጅ ቍጥር 1161 መሠረት ካሣ ይገባዋል። ካሣው ከመከፈሉ በፊት ቡናው የተቈረጠበት ባላገር ወደ ወረዳው ሲጮኽ፥ ሹሙ አስቀድሞ የሚመለከተው የፈቃዱን ጽሑፍ ነው፤ የትኛውን ማዕድን ይላል? ከሰል ብቻ ነውን? ወይስ ዘይት አዘሉንም ድንጋይ ይጨምራል? ወሰኑስ ከምን እስከ ምን ነው? የፈቃድ ወረቀት ሳይኖረው ናሙና ነው እያለ በመኪና የሚያግዝ ሰው ናሙና የሚወስድ አይደለም።

ድንጋዩን ለመለየት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ከሰል ሲመታ በጕማጅ ይሰበራል፥ እጅንም ያጠቍራል። ዘይት አዘሉ ድንጋይ ግን በቅጠል ይገለጣል፤ ዘይት የበዛበት ከሆነ ከመጠኑ ይልቅ ቀላል ነው፥ በቢላዋ ሲላግም ልጉ እንደ እንጨት ልግ ይጠቀለላል፥ በእሳት ሲነካም ብዙ ጢስ እያወጣ ይነድዳል። ተራ ጭቃ ድንጋይ ከባድ ነው፥ ልጉም ይደቅቃል፥ አይነድድም። ቅጠሎቹ ሲገለጡ የዛፍ ቅጠል ወይም የዓሣ አጥንት ቢገኝ ቍፋሮውን ማቆም ይገባል፤ በ1992 ዓ/ም የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209 በድንገት የተገኘ ቅርስ እንዲነገር ያዝዛልና።

ናሙና መላክ ሲያስፈልግ ከአንድ ቦታ ብቻ አይወሰድም። ከገደሉ ግርጌ ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ድንጋዩ በተለወጠበት ሁሉ አንዳንድ ጕማጅ ይወሰዳል፤ ዝናምና ፀሐይ ያበላሸው ገጽ ተፍቆ ከውስጥ ያለው ይመረጣል። እያንዳንዱ ለብቻው በንጹሕ ወረቀትና በከረጢት ተጠቅልሎ ቍጥር ይጻፍበታል፤ ውሃ አይነካውም፥ ዘይት በነካ እጅም አይያዝም፤ የእጁ ዘይት ለመርማሪው የድንጋዩ ዘይት ሊመስለው ይችላልና። ከዚያም የቀበሌውና የወንዙ ስም፥ የእያንዳንዱ ድርብ ውፍረት በሜትር፥ ከላዩና ከበታቹ ያለው የድንጋይ ዓይነት፥ በላዩም ያለው ጫካ፥ ቡና ወይም እርሻ ስንት ሄክታር እንደ ሆነ ተጽፎ ከናሙናው ጋር ለማዕድን ሚኒስቴር ይላካል። የገደሉ ሥራ በበጋ ይደረግ፤ በክረምት በባዛልቱ ሥር ያለው ይህ ጭቃ ድንጋይ ውሃ ጠጥቶ ስለሚያንሸራትት የላዩ ድንጋይ በሠራተኛው ላይ ሊናድ ይችላል።